ሕዋስ የሞተበት ቦታ ለምን ይጠጥራል?

የራጅ ወይም የሲቲ ስካን ውጤቱን ተቀብሎ «ካልሲፊኬሽን ታይቷል»፣ ማለትም ካልሲየም ተከማችቶ የጠጠረ ቦታ አለ፣ የሚል መስመር ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ወደ ምግብ ይሄዳል። ወተት አብዝቼ ይሆን? ስወስደው የከረምኩት የካልሲየም እንክብል ይሆን? እንዲህ ቢጨነቅ አይፈረድበትም፤ መልሱ ግን ለአብዛኛው ሰው «አይደለም» ነው። በሳንባ፣ በደም ቅዳ ግድግዳ፣ በልብ ቫልቭ ወይም በጡት ውስጥ የሚታየው ነጭ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው እዚያ ቦታ ላይ ሕዋሳት መሞታቸውንና ቅሪታቸው በወጉ ሳይነሣ መቅረቱን ነው። የዚያ ሰው ደም ቢመረመር ካልሲየሙ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም እንዲያ ነው።

ይህ ግንኙነት የገባው ሰው ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ ይለወጣል። «ካልሲየሙ ከየት መጣብኝ?» ማለቱን ይተውና «እዚያ ምን ሞተ? ድሮ የሞተ ነው ወይስ አሁንም እየሞተ ያለ?» ይላል። እኔ ለአንባቢ ማስጨበጥ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ለዚያ ግን አንድ ሕዋስ በሕይወት ሳለ ከካልሲየም ጋር እንዴት እንደሚኖር ማየት ያስፈልጋል።

በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ካልሲየም አለ። 99 በመቶው ያለው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው፤ ከፎስፌት ጋር ተጣምሮ ሃይድሮክሲአፓታይት የሚባለውን ጠንካራ ክሪስታል ሠርቶ ተቀምጧል። በደም፣ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽና በሕዋሳት ውስጥ የሚገኘው የቀረው 1 በመቶ ብቻ ነው። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ደም የሚረጋው ግን በዚህ ጥቂት ካልሲየም ነው።

ይህም ጥቂት እኩል አልተከፋፈለም። ከሕዋስ ውጭ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነጻው ካልሲየም በሊትር ከ1 ሚሊሞል ትንሽ ከፍ ይላል። በሕዋሱ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ደግሞ መጠኑ ከዚያ በ10,000 እጥፍ ገደማ ያንሳል። ሁለቱን የሚለየው የሕዋሱ ሽፋን ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እጅ ቢሆን ነው። ይህን ያህል ልዩነት በዚህ ስስ ሽፋን ጠብቆ ማቆየት ከባድ ሥራ ነው። ሽፋኑ ላይ የተተከሉ ፓምፖች ቀን ከሌት ካልሲየምን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሌሎች ደግሞ በሕዋሱ ውስጥ ወዳሉ ማከማቻዎች ያስገቡታል። ሥራው የሚሠራው ኤቲፒ በሚባለው የሕዋስ ኃይል ነው። ሕያው ሕዋስ ከሥሩ እንደሚያፈስ ጀልባ ነው፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ ያሉት ሰዎች ውሃውን እየቀዱ መድፋታቸውን ስላላቆሙ ብቻ ነው።

ሕዋሱ ደም ሲቋረጥበት፣ መርዝ ሲያገኘው ወይም ተሕዋስያን ሲወርሩት ኤቲፒው ያልቃል። ፓምፖቹ ይቆማሉ። ከውጭ ያለው ካልሲየም ወደ ውስጥ ይጎርፋል፤ የገባው ካልሲየም ደግሞ እስከዚያ ድረስ ተኝተው የነበሩ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። አንዱ ሽፋኑን ይበላል፣ ሌላው ፕሮቲን ይቆራርጣል፣ ሌላው ዲኤንኤውን ይበጣጥሳል። የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆኑት ማይቶኮንድሪያ ሕዋሱ ገና በጣር ላይ ሳለ ካልሲየሙን ወደ ራሳቸው ይሰበስባሉ። ደሙ ተቋርጦ ቆይቶ የተመለሰለት የልብ ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከሞት ባልተረፉት ሕዋሳት ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ጥቋቁር የካልሲየም ፎስፌት ቅንጣቶች ይታያሉ። መጠጠር በዓይን ከመታየቱ ከረጅም ጊዜ በፊት እዚህ ተጀምሯል ማለት ነው።

ፎስፌቱስ ከየት ይመጣል? ከዚያው ከሕዋሱ ነው። ኤቲፒ፣ ዲኤንኤ፣ አርኤንኤ እና የሽፋኑ ቅባቶች ሁሉም ፎስፌት ያዘሉ ናቸው። ሲፈራርሱ ይለቁታል። አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይምም ከቅሪቱ ላይ ፎስፌት እየቆረጠ ይጨምርበታል። ካልሲየም ከውጭ እየገባ፣ ፎስፌት ከውስጥ እየተለቀቀ ሁለቱ እዚያው ይገናኛሉ።

የመጀመሪያው ክሪስታል

ሁለቱ መገናኘታቸው ብቻ ግን አይበቃም። በሰውነታችን ፈሳሽ ውስጥ ሁልጊዜም ካልሲየምና ፎስፌት አብረው አሉ፤ መጠናቸውም አንዴ የተጀመረ ክሪስታልን ለማሳደግ የሚበቃ ነው። የሚከብደው መጀመሩ ነው። ክሪስታሉ እንዲጀመር ካልሲየምና ፎስፌት በሥርዓት የሚደረደሩበት አንድ ቦታ ማግኘት አለባቸው። የሞተ ሕዋስ የሚሰጠውም ይህንኑ ቦታ ነው።

የሕዋስ ሽፋን ሁለት የቅባት ንብርብሮች አሉት። ፎስፋቲዲልሴሪን የሚባለው ቅባት ሕዋሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ይቀመጣል፤ እዚያው የሚያቆየውም ኤቲፒ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሕዋሱ መሞት ሲጀምር ይህ ቅባት ተገልብጦ ወደ ውጭ ይወጣል። መገልበጡ ሰውነት የሚፈልገው ምልክት ነው፤ ማክሮፋጅ የተባሉት በላተኛ ሕዋሳት ሟቹን የሚለዩትና የሚውጡት በዚህ ነው። ነገር ግን ፎስፋቲዲልሴሪን ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለውን ካልሲየምንም አጥብቆ ይይዛል። የያዘው ካልሲየም ፎስፌትን ይስባል፤ የሁለቱ ጥምረት ከቅባቱ ጋር ተጣብቆ ይደረደራል። በላተኛው ሕዋስ በጊዜ ከደረሰ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ካልደረሰ የመጀመሪያው ክሪስታል ይወለዳል።

በሥርዓት የሚሞት ሕዋስ ራሱን በሽፋን በተጠቀለሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ነው የሚሞተው። አፖፕቶሲስ የሚል ስም ለዚህ አሟሟት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1972 ኬር፣ ዋይሊ እና ከሪ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1967፣ ክላርክ አንደርሰንና ኤርማኖ ቦኑቺ የሚያድግ ልምአጥንትን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ከሕዋሳት የተቆረሱ ጥቃቅን ከረጢቶች አይተው ነበር። የአጥንት ማዕድን መጀመሪያ የሚታየው በእነዚያ ከረጢቶች ላይ ነው። ከሚሞት ሕዋስ የሚወጡት ቁርጥራጮች ደግሞ ብዙ ነገራቸው ከእነዚያ ጋር ይመሳሰላል፤ ሽፋናቸው ያው ነው፣ ካልሲየም መያዛቸውም ያው ነው። አጥንት የሚሠራበት ዘዴ አጥንት በማይፈለግበት ቦታ ሳይታሰብ ሲነሣ ለስላሳ ሕብረ ሕዋስ ይጠጥራል።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል አንድ ሙከራ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዳያን ፕራውድፉትና ባልደረቦቿ ከሰው ደም ሥር የተወሰዱ የጡንቻ ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ አሳደጉ። ሕዋሳቱ ቆይተው ተሰብስበው ጓል ይሠራሉ፤ ጓሉ ውስጥ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፤ ከዚያ ካልሲየም ይከማቻል። ተመራማሪዎቹ አፖፕቶሲስን የሚያግድ ንጥረ ነገር ሲጨምሩ ክምችቱ በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በተቃራኒው ሕዋሳቱን ወደ ሞት የሚገፋ ፀረ እንግዳ አካል ሲጨምሩ በ10 እጥፍ ጨመረ። ከሞቱት ሕዋሳት የተሰበሰቡት ቁርጥራጮችም ለብቻቸው ካልሲየም ሲሰበስቡ ታዩ። ሞቱ ከክምችቱ ቀድሞ መምጣቱና አንዱ ሲቀነስ ሌላው መቀነሱ ጉዳዩን ከአጋጣሚ በላይ ያደርገዋል።

ልብ ውስጥ የሚቀመጥ የሞተ ሕብረ ሕዋስ

ከቤተ ሙከራው የበለጠ የሚያሳምነኝ ግን በየሆስፒታሉ የሚታየው ነገር ነው። የልብ ቫልቭ ሲበላሽ ከሚተኩት አንዱ ከእንስሳ የሚሠራ ቫልቭ ነው፤ ከአሳማ ልብ ቫልቭ ወይም ከከብት ልብ ከረጢት ይዘጋጃል። የሰውነት መከላከያ እንዳያጠቃውና እንዳይበሰብስ ግሉታራልዴሃይድ በሚባል ኬሚካል ይነከራል። ኬሚካሉ የሕብረ ሕዋሱን ክሮች እርስ በርስ አስሮ ያጠነክራል። በውስጡ ያሉትን ሕዋሳት ግን በሙሉ ይገድላል፤ ቅሪታቸውም በያሉበት ታስሮ ይቀራል። ሽፋናቸው አለ፣ ፎስፌታቸው አለ፣ ካልሲየምን የሚያስወጣ ፓምፕ ግን አንድም የለም። ማክሮፋጅ መጥቶ እንዳያነሣቸው ደግሞ በኬሚካሉ ተቆልፈዋል።

በሽተኛው በዚህ ቫልቭ ለዓመታት ደኅና ይኖራል። ቫልቩ ሲበላሽ ግን ዋነኛ ምክንያቱ መጠጠር ነው። ቅጠሎቹ ይደርቃሉ፣ ይቀደዳሉ ወይም መከፈት ያቅታቸዋል። የወጣው ቫልቭ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ካልሲየሙ መጀመሪያ የተቀመጠው በእነዚያ በሞቱት ሕዋሳት ሽፋንና ኒውክሊየስ ላይ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ነው ወደ ክሮቹ የሚስፋፋው። ቁራጩ በአይጥ ቆዳ ሥር ቢቀበር እንኳ፣ ደም ሳይፈስበትና ልብ ሳይመታበት፣ በሳምንታት ውስጥ ይጠጥራል። በልጆችና በወጣቶች ላይ ደግሞ ከአረጋውያን ይልቅ ይፈጥናል፤ የልጅ ሰውነት አጥንት በመሥራት ላይ ስለሆነ የካልሲየምና የፎስፌት ዝውውሩ የበረታ ነው። ለአንድ ሕፃን ከእንስሳ የተሠራ ቫልቭ ማስገባት የልብ ቀዶ ሐኪሞችን የሚያስጨንቀው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የተፈለገበት አቅጣጫም ብዙ ይነግረናል። ቫልቩ ከመተከሉ በፊት በኤታኖል ሲታጠብ የሞቱት ሕዋሳት ሽፋን ቅባት ይወጣል፤ መጠጠሩም ይቀንሳል። የሰውዬው ደምና አመጋገብ ያው ሆኖ ሳለ፣ የሕዋስ ቅሪት ስለተነሣ ብቻ ውጤቱ ተለወጠ።

ታዲያ ለምን ሁላችንም አንጠጥርም?

ሕዋስ በሞተ ቁጥር ካልሲየም የሚከማች ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ዓመት አይሞላም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ስሌት በሰው አካል ውስጥ በየቀኑ 330 ቢሊዮን ገደማ ሕዋሳት በአዲስ እንደሚተኩ ያሳያል፤ አብዛኞቹ የደም ሕዋሳት ናቸው። ይህ ሁሉ ሞት ምልክት ሳይተው የሚያልፈው ሁለት ነገሮች ስላሉ ነው።

አንደኛው ፍጥነት ነው። በአፖፕቶሲስ የሚሞት ሕዋስ ሽፋኑ ሳይቀደድ፣ ውስጡ ሳይፈስ፣ ማክሮፋጅ ወይም ጎረቤት ሕዋስ ይውጠዋል። ክሪስታል ለመጀመር የሚበቃ ጊዜ አያገኝም። ቅሪቱ ሳይነሣ ከዘገየ ግን ሽፋኑ በኋላ ይፈነዳል፤ በሥርዓት የጀመረው ሞት በዝርክርክ ሞት ያበቃል። ከመጀመሪያው በኔክሮሲስ፣ ማለትም በድንገትና በጅምላ የሚሞት ሕብረ ሕዋስ ደግሞ ለማንሣትም አስቸጋሪ ነው፤ ደም ሥሩ አብሮ ስለሞተ አንሺዎቹ ወደ መሐሉ የሚደርሱበት መንገድ የላቸውም።

ሁለተኛው በደምና በሕብረ ሕዋስ ውስጥ ያሉ ከልካዮች ናቸው። እነዚህን በቅጡ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ በጸጥታ የሚሠሩት ሥራ ትልቅ ነውና። ፓይሮፎስፌት የምትባል ትንሽ ሞለኪውል ክሪስታሉ ላይ ተለጥፋ እንዳያድግ ታግደዋለች፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያሳዩት ኸርበርት ፍላይሽና ባልደረቦቹ ናቸው። ጉበት የሚሠራው ፌቱዊን-ኤ የሚባል ፕሮቲን በደም ውስጥ ገና በመፈጠር ላይ ያሉ ቅንጣቶችን ጠቅልሎ ይይዛል። ማትሪክስ ግላ ፕሮቲን የሚባለው ደግሞ በራሱ በደም ሥሩ ግድግዳ ውስጥ ተሠርቶ እዚያው ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ይህ ፕሮቲን እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች ደም ቅዳቸው ሙሉ በሙሉ ጠጥሮ፣ ተቀድዶም ደም ፈስሷቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ ሞተዋል። የሚበሉት ከሌሎቹ አይጦች የተለየ አልነበረም።

ማትሪክስ ግላ ፕሮቲን ሥራውን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። ዋርፋሪን የሚባለው ደም አቅጥን መድኃኒት ቫይታሚን ኬን ስለሚገታ ከደም ሥር መጠጠር ጋር ስሙ ይነሣል። ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ የሚያቆም ሰው እንዳይኖር አደራ እላለሁ፤ የደም መርጋት በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ መጠጠር ግን ዓመታት ይወስዳል። ለውጥ ካስፈለገ ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው።

ከልካዮቹን የሚያመርቱት ሕያው ሕዋሳት መሆናቸውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፓይሮፎስፌት የሚገኘው ሕዋሳት ከሚለቁት ኤቲፒ ነው። ሕዋሱ ሲሞት ክሪስታል የሚጀመርበት ቦታ ይፈጠራል፤ በዚያው ቅጽበት ክሪስታሉን የሚያግደውም ይጎድላል።

ነጭ ነጥቦቹ የሚናገሩት

ቀላሉን ምሳሌ ሳንባ ይሰጠናል። የቲቢ ባክቴሪያ በገባበት ቦታ ሰውነት ዙሪያውን አጥሮ ይከበዋል፤ መሐሉ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሞተው አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ይሆናሉ። ያ ሙት መሐል ሳይነሣ ይቀርና በወራትና በዓመታት ይጠጥራል። ከዓመታት በኋላ ሰውዬው ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሣ ጠርዙ የተለየ፣ ደማቅ ነጭ ነጥብ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ይህ ሰውነት አሸንፎ የዘጋው የድሮ ውጊያ ምልክት ነው። ሆኖም ባክቴሪያው በጠጠረው ውስጥ በሕይወት ተኝቶ ሊቆይ ስለሚችል፣ የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት ሊጀምር ያለ ሰው ይህን ነጥብ ለሐኪሙ መናገር አለበት። አንጎል ውስጥ ገብቶ የሞተ የአሳማ ኮሶ ትል እጭ፣ በፊኛ ግድግዳ ውስጥ የቀረ የቢልሃርዚያ እንቁላልም መጨረሻቸው እንዲሁ ነው።

በጡት ራጅ ላይ ግን የነጥቦቹ አቀማመጥ ወሳኝ ይሆናል። አብዛኞቹ የጡት ካልሲየም ነጥቦች ጉዳት የሌላቸው መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር፤ ብዙ ሴቶች በዚህ ቃል ብቻ ሌሊቱን ሳይተኙ ያድራሉ። የሚያሳስበው አንድ ዓይነት አለ። በወተት ቱቦ ውስጥ የካንሰር ሕዋሳት ተባዝተው ቱቦውን ሲሞሉት፣ ደም ሥሩ ያለው ከቱቦው ውጭ ስለሆነ መሐል ላይ ያሉት ኦክስጅን አይደርሳቸውም፤ ይሞታሉ። የሞተው መሐል ይጠጥራል፤ ካልሲየሙም የቱቦውን ቅርጽ ይዞ ቀጭን፣ የተቆራረጠና ቅርንጫፍ ያለው መስመር ይሠራል። ዕጢው በእጅ ከመዳሰሱ በፊት ራጁ የሚያየው ይህን መስመር ነው። ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ ሲሄድ በተለመደው ማቅለሚያ ካልሲየሙ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያው ሐመር፣ ኒውክሊየሳቸው የጠፋ ሕዋሳት ናቸው። ጥርጣሬ ካለ እ.ኤ.አ. በ1901 ፎን ኮሳ ባስተዋወቀው የብር ማቅለሚያ ይነከራል፤ ማዕድኑ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የሞተውና የጠጠረው በአንድ መስታወት ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ።

«ካልሲየም በዛ» የሚለውን አስተሳሰብ ከሁሉ በላይ የሚያፈርሰው ግን የቆሽት ድንገተኛ ብግነት ነው። ከቆሽት ያመለጠ ኢንዛይም በዙሪያው ያለውን ስብ ይበላል፤ የስብ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ የተለቀቀው የስብ አሲድ ካልሲየምን ይይዝና ሳሙና ይሆናል። ቀዶ ሐኪሙ ሆድ ሲከፍት ስቡ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ጠብታዎች ያያል። በዚያ ሰዓት የበሽተኛው የደም ካልሲየም ዝቅ ይላል፤ የሞተው ስብ ከደሙ ስቦታልና። አደጋ ደርሶበት ጡንቻው የተጨፈለቀ ሰውም መጀመሪያ ካልሲየሙ ይወርዳል፤ የሞተው ጡንቻ ይወስድበታል። ሲያገግም ደግሞ የተከማቸው ተመልሶ ወደ ደም ይወጣና ካልሲየሙ ከልክ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የወረደውን ለማረም ብሎ ካልሲየም በገፍ መስጠት አይመከርም።

ደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ በስብ ክምችት የተነሣ የሚሞቱት በላተኞቹ ራሳቸው ናቸው። ማክሮፋጆች ኮሌስትሮል ውጠው ውጠው ያብጣሉ፣ ይሞታሉ፤ የሞቱትን ሊያነሡ የሚመጡትም እዚያው ይሞታሉ። መሐሉ ሙት ይሆናል፣ ይጠጥራልም። ክምችቱ ከሰውዬው በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከግብፅ፣ ከፔሩ፣ ከሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብና ከአሉሽያን ደሴቶች የተገኙ 137 ጥንታዊ የደረቁ አስከሬኖችን በሲቲ ስካን መርምሮ በ47ቱ ላይ የዚህን በሽታ ምልክት አግኝቷል፤ ለይቶ ያሳየውም ከሺህ ዓመታት በኋላ ያልጠፋው ካልሲየም ነው።

ከሞት የማይጀምርም አለ

ሁሉንም መጠጠር ለሕዋስ ሞት መስጠት ልክ አይሆንም። የደም ካልሲየም ወይም ፎስፌት በእውነት ከልክ ሲያልፍ፣ ለምሳሌ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ዕጢ ከመጠን በላይ ሲሠራ ወይም ኩላሊት ሲደክም፣ ጤነኛ የነበረ ሕብረ ሕዋስም ይጠጥራል። የሚጠቁት ሳንባ፣ ኩላሊትና የጨጓራ ግድግዳ መሆናቸው የራሱ ምክንያት አለው፤ ሦስቱም አሲድ ወደ ውጭ ስለሚያስወጡ ውስጣቸው የአሲድ ተቃራኒ ወደሆነው ወደ አልካላይ ያደላል፣ ካልሲየም ፎስፌት ደግሞ በአልካላይ ውስጥ በቀላሉ ይዘቅጣል። ለእነዚህ ሰዎች የምግብና የእንክብል ጉዳይ በእርግጥ ይመለከታቸዋል።

የኩላሊት ሕመምተኞች ደም ሥር ላይ የሚሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ፎስፌት ሲበዛባቸው የደም ሥሩ የጡንቻ ሕዋሳት ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ አጥንት ሠሪ ሕዋሳት የሚጠቀሙባቸውን ጂኖች ያበራሉ፣ ሕያው ሆነው ሳለ ማዕድን የተሸከሙ ከረጢቶች ይለቃሉ። ቀጥለውም ብዙዎቹ ይሞታሉ። በአንድ ግድግዳ ውስጥ ሕያው ሠሪና ሙት ቅሪት አብረው ይሠራሉ፤ የየትኛው ድርሻ እንደሚበልጥ ከቦታ ቦታና ከበሽታ በሽታ ይለያያል።

ክሪስታሉ ራሱም ገዳይ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል። የጡንቻ ሕዋስ ጥቃቅን የካልሲየም ፎስፌት ቅንጣት ሲውጥ ቅንጣቱ በሕዋሱ የአሲድ ከረጢት ውስጥ ይሟሟል፤ የተለቀቀው ካልሲየም ሕዋሱን ከውስጥ ያጥለቀልቀዋል፤ ይሞታል። ማክሮፋጅ ሲውጠው ደግሞ ብግነት ቀስቃሽ መልእክት ይለቃል። ሞት ክሪስታል ይወልዳል፣ ክሪስታል ሞት ይወልዳል። ቅንጣቶቹ ባነሱ መጠን ጉዳታቸው ይብሳል። በደም ቅዳ ክምችት ሽፋን ውስጥ የተበተኑ ጥቃቅን ቅንጣቶች ሽፋኑ እንዲቀደድ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ተያይዞ ትልቅ ንጣፍ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ የረጋ ነው። ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በሲቲ ስካን የሚለካው የልብ ደም ሥር ካልሲየም ቁጥራቸው ቢጨምር የማይገርመው በዚህ ነው። መድኃኒቱ የድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) አደጋን ይቀንሳል፤ ለስላሳው ክምችት እየተጨመቀና እየጠጠረ ሲሄድ ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። ቁጥሩን አይቶ «መድኃኒቱ እየጎዳኝ ነው» ብሎ ማቆም ትልቅ ስሕተት ነው።

ይለቅ ይሆን?

መጨረሻ ላይ ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው። ደም ቅዳንና የልብ ቫልቭን በተመለከተ፣ የተከማቸውን ካልሲየም አስተማማኝ ሆኖ የሚያሟሟ መድኃኒት እስከ አሁን የለም። ካልሲየም ይለቅማል ተብሎ በደም ሥር የሚሰጠው ኢዲቲኤ በስኳር ሕመምተኞች ላይ ተስፋ አሳይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ውጤቱ የታተመው ሁለተኛው ትልቅ ሙከራ ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምንም ሆነ ሞትን አልቀነሰም። የጠበበ የአኦርታ ቫልቭ የሚድነው በመተካት ነው፤ አላን ክሪቢዬ እ.ኤ.አ. በ2002 ደረት ሳይከፈት በደም ሥር በኩል ቫልቭ መትከልን ካሳየ ወዲህ ለቀዶ ሕክምና የሚደክሙ አረጋውያንም ዕድሉን አግኝተዋል። ከዚያ በፊት የሚሠራው ሥራ ሞቱን መቀነስ ነው፤ የደም ግፊትን፣ ኮሌስትሮልን፣ ስኳርን መቆጣጠር፣ ማጨስን መተው፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ ፎስፌትን በልክ መያዝ።

ሰውነት ግን የተከማቸ ካልሲየምን ማንሣት ጨርሶ አይችልም ማለት አይደለም። ጉልህ ማሳያው የትከሻ ጅማት ነው። እዚያ የሚከማቸው ካልሲየም ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ብዙም ሳያስቸግር ይቀመጣል። ከዚያ አንድ ቀን በዙሪያው አዳዲስ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይበቅላሉ፣ ማክሮፋጆችና ብዙ ኒውክሊየስ ያላቸው በላተኛ ሕዋሳት ይደርሳሉ፣ ክምችቱን መብላት ይጀምራሉ። ሕመሙ የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰውዬው እጁን ማንሣት ያቅተዋል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ነገሩ የባሰበት ይመስለዋል። በራጁ ላይ ግን ቀድሞ ጠርዙ የጠራው ነጥብ አሁን ዳር ዳሩ ደብዝዞ ዳመና መስሏል። ሐኪሙ ያን ሲያይ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ በትዕግሥት መጠበቅን ሊመርጥ ይችላል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሚነሣው ራጅ ላይ ነጥቡ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላልና።